የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ልጆች በሜልቦርን፦ ስለ ቫይታሚን ዲ፣ ስለ አጥንትና ካንሰር ስለ ያዛቸው ሕፃናት

«የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለው ሐረግ፣ የኢትዮጵያን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁበት መሆኑ የታወቀ ነው። መንግሥታት ሲለዋወጡ ሐረጉ ለረጅም ዘመን ሳይለወጥ ቆይቶ፣ ዛሬም በሜልቦርን ምዕራባዊ ክፍል በፉትስክሬይ ሠፈር በሚገኙት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ውስጥ፣ ፀሐይ ራሷ ካደበዘዘችው የላሊበላ ሥዕል ሥር አልፎ አልፎ ተጽፎ ይታያል። በዚሁ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ 232 ሕፃናትንና ወጣቶችን መርምረው፣ ከመቶው የሰማንያ ሰባቱ የቫይታሚን ዲ መጠን ከሚፈለገው በታች፣ የአርባ አራቱ ደግሞ ከዚያም ግማሽ በታች ሆኖ አግኝተውታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር የመጣ ልጅ፣ ፀሐይዋ በበረታችበት በአውስትራሊያ ምድር ተቀምጦ፣ ፀሐይ የምትሰጠውን ነገር ያጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም፤ የታሪክ ተማሪ ነው። ስለ ሕክምናው የሚለውን ሁሉ ከሐኪሞች ጽሑፍ ያገኘው ስለ ሆነ፣ አንባቢ ከዚህ ላይ የመድኃኒት ማዘዣ እንዳይፈልግ አስቀድሞ ያሳስባል። ወደ ጉዳዩ ያስገባኝ ግን ጥናቱ ሳይሆን አንድ የግል አጋጣሚ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚህ ከተማ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ (ስሙን መጥቀስ ለጉዳዩ አይጠቅምም) አንዲት ጎረቤቴ ከሐኪም ጋር ስትነጋገር እንዳስተረጉምላት ጠየቀችኝ፤ የተመደበው አስተርጓሚ ሳይመጣ ቀርቶ ነበር። የስምንት ዓመት ልጇ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ይዞት ሕክምና ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ደሙ ጥሩ ለውጥ ያሳየ ቢሆንም ወገቡን ያመው፣ ደረጃ መውጣትም ይከብደው ጀመር። በራጅ ሲታይ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቹ ተጨፍልቀዋል። ሐኪሙ የቫይታሚን ዲ መጠኑም እጅግ አነስተኛ መሆኑን ነገራትና ልጁ ከቤት ውጭ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቃት። ጥያቄውን ተረጎምሁ። እናቲቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ልጇ ሕክምና በጀመረበት ሰሞን ከዚያው ቤት የተሰጣት፣ በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት ነው። ከተዘረዘሩት ማሳሰቢያዎች አንዱ ልጁን ከፀሐይ ጠብቂው የሚል ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይንገሩልኝ» አለችኝ፤ «ጠብቂው አሉኝ፤ ጠበቅሁት።»

ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ ወረቀቱም አልዋሸም። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እናቲቱን ግን ሁለት እውነቶች ከሁለት ወገን ይዘው አጥንቱ የተሰበረ ልጅ አስታቀፏት። የእነዚህን ሁለት እውነቶች አመጣጥ መከታተል የታሪክ ሰው ሥራ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ሐተታ ለማቅረብ ተነሣሁ።

ቫይታሚን ዲ በስሙ ቫይታሚን ይባል እንጂ፣ ከምግብ የሚገኘው ጥቂቱ ነው፤ ያውም በአብዛኛው ከሰባ ዓሣና ከዓሣ ጉበት ዘይት። የቀረውን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በቆዳው ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ቅባት ይለወጣል፤ የተለወጠው ንጥረ ነገር በጉበት፣ ከዚያም በኩላሊት አልፎ ሥራውን ለመሥራት ይበቃል። ሥራውም አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ይህ ሲጓደል በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት ይለሰልሳል፤ እግሩ ይወለግዳል፤ የእጁ አንጓ ያብጣል፤ መራመድ ይዘገያል። ሐኪሞች ሪኬትስ የሚሉት ይህን ነው።

በሽታው በሚገባ የተጻፈለት በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 ያወጣው መጽሐፍ በሰፊው ይጠቀሳል። መንስኤው ግን ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ያህል አከራክሯል። በ1890 ቴዎባልድ ፓልም የተባለ፣ በጃፓን የሠራ ሐኪምና ሚሲዮናዊ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ወደሚኖሩ ሚሲዮናውያን ደብዳቤ እየጻፈ መረጃ ሰበሰበ። ፀሐይ በበዛበት አገር ድኻው ልጅ እንኳ እግሩ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ በሽታው የሚበረታውም በጭስ በተሸፈኑት የአውሮፓ ከተሞች መሆኑን ተረዳ። ሕፃናት ፀሐይ ይሙቁ ብሎ ቢጽፍም ሰሚ አላገኘም። በ1919 ኩርት ሑልድሺንስኪ በርሊን ውስጥ በሽተኞች ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አዳነ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ የዓሣ ጉበት ዘይት በሽታውን እንደሚከላከል አሳየ። ማክኮለም የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ንጥረ ነገሩን በፊደል ተራ «ዲ» ብሎ ሰየመው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለእኛ ነገር የሚቀርበው ግን አልፍሬድ ሄስ በ1917 ያሳተመው ሥራ ነው። ሄስ የሠራው በኒው ዮርክ ኮሎምበስ ሂል በተባለ የጥቁሮች ሠፈር ነበር። ከሞቃት ምድር ፈልሰው ወደ ጠባብና ጨለማ ቤቶች የገቡ ቤተሰቦች ሕፃናት አብዛኛዎቹ በሪኬትስ ተይዘው ስላገኛቸው የዓሣ ጉበት ዘይት ሰጥቶ ብዙዎቹን ጠበቃቸው። ጥቁር ቆዳ በወገብ ምድር ላለችው ብርቱ ፀሐይ የተሰጠ ጥላ ነው፤ ጨረሩን ቀንሶ ያሳልፋል። ስለዚህ ጥቁር ሰው ነጩ የሚሠራውን ያህል ቫይታሚን ለመሥራት በፀሐይ ላይ ይበልጥ መቆየት ያስፈልገዋል። ይህ በአገሩ አይቸግረውም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ወደምታልፍበት አገር ሲሄድና ቤት ሲዘጋበት ግን ጥላው በጥላ ላይ ይደረባል። ይህ ነገር በሕክምና መጽሔት ታትሞ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ የሜልቦርኑን ነገር ያለዚህ መረዳት አይቻልምና።

ኢትዮጵያዊ ፀሐይን ይወዳል፤ ይፈራታልም። ማለዳ ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ሲሞቁ ያላየ የለም። የቀትሯ ፀሐይ ግን ሌላ ናት፤ ምች ታመጣለች ተብላ ትፈራለች። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ጭማቂው ይሰጠዋል። አራስና ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ለምችም ለሰው ዓይንም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው ተብሎ ስለሚታመን፣ ወንዱ እስከ 40 ቀኑ፣ ሴቷ እስከ 80 ቀኗ ክርስትና ሳይነሡ ከቤት አይወጡም ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሲወጡ ፊታቸው በነጠላ ይሸፈናል። አያቴ ሕፃን ታቅፋ ደጅ ስትወጣ ነጠላዋን እንዴት እንደምትከናነብ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። ይህን «ድንቁርና» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የእኔ ትውልድ ተማሪዎችም እንዲሁ ብለን አልፈነዋል። ሆኖም ልማዱ ልጁ ከፍ ሲል ከብት ጠባቂ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ በሚውልበት በገጠር የተወለደ ነው። የወራቱ ጉድለት በሜዳው ይካካሳል። ጉዳቱ የበረታው ልማዱ ወደ ከተማ ሲገባና ሜዳው ሲቀር ነው።

በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የሕፃናት ሕክምና ተቋም የሠሩት ሐኪሞች ይህን አስተውለዋል። ስዊድናዊው ጎራን ስተርኪ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ባልደረባው ጋር በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ስለሚታየው ከባድ ሪኬትስ በ1973 ጽፎ አሳትሟል። ክረምቱ ጨለማ ከሆነበት አገር የመጣ ሐኪም የፀሐይ እጦትን በሽታ በፀሐይ አገር መዲና ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የገለጠው በ1997 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የወጣው የዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ የዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ልጆች፣ ይህ በሽታ ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አወዳደሩ። ከታመሙት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት መካከል ግን 20ው ብቻ። ሌሎቹ ምክንያቶች በስሌት ከተለዩ በኋላ እንኳ የሪኬትስና የሳንባ ምች ግንኙነት ከአሥራ ሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሪኬትስ እግር የሚያወለግድ ብቻ ሳይሆን ከሕፃናት ሞት ጋር የተቆራኘ መሆኑ በአገራችን ልጆች ታወቀ። በውጭ የምንኖር ምሁራን ስለ አገራችን ረኃብና ጦርነት ብዙ ስንጽፍ ይህን ጥናት ምን ያህሎቻችን እንዳነበብነው እጠራጠራለሁ። እኔ ራሴ ያነበብሁት ከታተመ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ሆስፒታል ከተመለስሁበት ቀን በኋላ ነው።

በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር 174 ተማሪዎችን መርምሮ፣ ከከተማዎቹ ከመቶ 61.8፣ ከገጠሮቹ ከመቶ 21.2 የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው ገልጧል። አጥኚዎቹ በርእሳቸው ውስጥ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይን ሐረግ አስገብተውታል። ከዚህ የምረዳው፣ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ኖሮ ወደ ሜልቦርን የመጣው ቤተሰብ ፀሐይን ማጣት የጀመረው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት መሆኑን ነው። ስደቱ ከገጠር ወደ ከተማ ተጀመረ፤ ባሕር ማዶ ያለው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው።

ይህ ቀጣይ ምዕራፍ የሚጻፍባት ከተማ ደግሞ ፀሐይን በመፍራት ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። አውስትራሊያ በቆዳ ካንሰር ብዛት በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለብሪታንያና ለአየርላንድ ደመና የተፈጠረ ነጭ ቆዳ ሁለት ምዕተ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ለዚህች ፀሐይ ተጋለጠ። በ1981 የቪክቶሪያ ፀረ-ካንሰር ምክር ቤት፣ መቀመጫው እዚሁ ሜልቦርን የሆነ፣ ሲድ የሚባል አንድ የባሕር ወፍ በቴሌቪዥን እያዘፈነ ሸሚዝ ልበሱ፣ የፀሐይ ቅባት ተቀቡ፣ ባርኔጣ ድፉ የሚል ዘመቻ ጀመረ። በ1988 ሰንስማርት የተባለው ሰፊ ፕሮግራም ተከተለ። ባርኔጣ የሌለው ልጅ በእረፍት ሰዓት ከጥላ ሥር እንዲቀመጥ የሚያደርገው የትምህርት ቤቶች ደንብም ከዚሁ መንፈስ የመነጨ ነው። ዘመቻው የብዙ ሰዎችን ሕይወት ያተረፈ፣ በሕዝብ ጤና ታሪክ የሚያኮራ ሥራ መሆኑን አልክድም። የእኔ ጥያቄ ለማን ተነገረ የሚል ነው። የተነገረው ለሁሉም ነበር፤ የታሰበው ግን ስለ አንድ ዓይነት ቆዳ ነበር።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ከተማ በቍጥር መምጣት የጀመሩት በዚያው ዘመቻ አሥር ዓመት፣ በ1980ዎቹ፣ አብዛኛዎቹም በሱዳን የስደት መንገድ አልፈው ነበር። ብዙዎቹ ቤተሰቦች በፍሌሚንግተን፣ በሰሜን ሜልቦርን፣ በፊትዝሮይና በመሳሰሉት ሠፈሮች ባሉት ፎቅ ላይ ፎቅ በተደረደረባቸው የመንግሥት ቤቶች ገቡ። በአሥራ አምስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ባሏ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ እርሷም በፈረቃ የምትሠራ እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ በአሳንሰር ወደ ሣሩ መውረድ የዕለት ተግባሯ ሊሆን አይችልም። በመስኮት የሚገባው ብርሃንም አይረዳትም፤ መስተዋት ያንን አስፈላጊ ጨረር ያስቀራልና። በሐምሌ 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከእነዚህ ሕንጻዎች ዘጠኙ ሳይታሰብ ሲዘጉና ነዋሪው ለቀናት ከበሩ እንዳይወጣ ሲታገድ ይህ ኑሮ በዓለም ዜና ታየ፤ ለሕፃናቱ ግን ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም።

የአየሩ ነገር ደግሞ አለ። ሜልቦርን ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 38 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። በሰኔና በሐምሌ አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህም ክረምት ነው፤ መስከረም ሲጠባ እዚህም አበባ ይፈካል። ይህ መገጣጠም ለናፍቆት ይመቻል፤ ግን ያሳስታል። የአዲስ አበባ ክረምት ከደመናው በላይ ብርቱ ፀሐይ አለችው፤ የሜልቦርን ክረምት ፀሐይ ግን በጠራ ቀን እንኳ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ለጥቁር ቆዳ የምትሰጠው እጅግ ጥቂት ነው።

የዚህች ከተማ ሐኪሞች ነገሩን ለማየት አልዘገዩም ማለት ይቻላል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። በ2001 ሁለት ጥናቶች በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ወጡ። አንደኛው ገላቸውን የሚሸፍኑ ወይም ጥቁር የሆኑ 82 እርጉዞችን መርምሮ ከመቶው ሰማንያው እጅግ ዝቅተኛ ቫይታሚን ዲ እንዳላቸው አገኘ፤ ሌላው በ1990ዎቹ እዚህ በሪኬትስ የታከሙ ሕፃናት እናቶች ራሳቸው እጥረቱ እንዳለባቸው አሳየ። ጨቅላው የሚወለደው እናቱ ባላት ልክ ነው፤ የእናት ጡትም ከሌላት ቫይታሚን ሊሰጥ አይችልም። በ2003 ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ አዋቂዎች ላይም ይኸው ታየ፤ መግቢያዬ ላይ የጠቀስሁት የ2007 ጥናት ተከተለ። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ በ2013 የወጣው የባለሙያዎች መግለጫ፣ ጡት የሚጠቡና ለእጥረቱ የተጋለጡ ሕፃናት ቢያንስ እስከ አንድ ዓመታቸው በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲሰጣቸው መከረ።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ስለ ጤነኛ ልጆች ነው። ካንሰር የያዘው ልጅ ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት።

የሕፃናት ሉኪሚያ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ልጁን በሳምንታት ወይም በወራት የሚገድል በሽታ ነበር። በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም፣ አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ከሰጣቸው 16 ልጆች መካከል አሥሩ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው አስታወቀ። ዛሬ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የዚያ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙም ሳይቆይ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንን የመሳሰሉት ስቴሮይዶች ተጨመሩ። በሜልቦርን፣ በ1870 በተመሠረተውና ዛሬ በፍሌሚንግተን ጎዳና ላይ በሚገኘው ሮያል የሕፃናት ሆስፒታል፣ ዶክተር ጆን ኮልባች ለአውስትራሊያ ፈር ቀደዱ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በጣም የተለመደው የሕፃናት ሉኪሚያ ከያዛቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። ከእነዚያ ፎቆች ብዙዎቹ ወደዚህ ሆስፒታል በእግር የሚያስኬዱ መሆናቸውን በነገር ላይ አነሣለሁ።

ታሪኩን ሳነብ ልብ ያልሁት ነገር፣ በፋርበር ዘመን ስለ አጥንት የሚጨነቅ አለመኖሩን ነው። ልጁ ለገና ይደርስ እንደ ሆነ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በአርባ ዓመቱ ወገቡ ስለሚሆነው ነገር ማን ይጠይቃል? አጥንት ጥያቄ የሆነው ልጁ መኖር ሲጀምር ነው። ያዳነው መድኃኒት አጥንቱን ይጎዳል፤ ስቴሮይድ አዲስ አጥንት እንዳይሠራ ያግዳል፤ ሜቶትሬክሴትም የበኩሉን ይጨምራል፤ በአጥንትና በጡንቻ ካንሰር የሚሰጠው አይፎስፋማይድ ደግሞ ኩላሊትን ጎድቶ ፎስፌት በሽንት እንዲፈስስ በማድረግ ራሱ ሪኬትስ ሊያመጣ ይችላል። በጉርምስና ዕድሜ ላሉት የዳሌ አጥንት ጫፍ ደም አጥቶ የሚሞትበት ጊዜ አለ። በሽታው ራሱም ከመድኃኒቱ በፊት አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ይጎዳዋል፤ በካናዳ በተደረገ ጥናት ሉኪሚያ ከተገኘባቸው 186 ልጆች ከመቶ 16ቱ ሕክምናው ገና ሲጀመር የአከርካሪ አጥንታቸው ተሰብሮ ተገኝቷል። በዚህ ላይ ልጁ ይተኛል፤ አይሮጥም፤ ምግብ ያስጠላዋል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ማሳሰቢያም ምክንያት አለው። ሜቶትሬክሴትና አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ ያጋልጣሉ፤ ጨረር ያረፈበት ቆዳ በኋላ ዘመን ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። ስለዚህ «ከፀሐይ ጠብቂው» ማለት ከንቱ ፍርሃት አይደለም።

እንግዲህ ያ የስምንት ዓመት ልጅ የቆመበትን ቦታ አንባቢ ይመልከተው። ከእናቱ የወረሰው የቫይታሚን ስንቅ አነስተኛ ነው፤ ቆዳው ለሌላ ፀሐይ የተሠራ ነው፤ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ባርኔጣ ያስደፋዋል፤ ከአገር ቤት የመጣው ልማድ ጥላ ይመርጥለታል፤ ሆስፒታሉ ከፀሐይ ጠብቂው ይላል፤ መድኃኒቱ አጥንቱን ያሳሳል። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይሰብረውም ይሆናል።

ቫይታሚን ዲ ቢሰጠው ኖሮ አጥንቱ አይሰበርም ነበር ብዬ ግን አልከራከርም። በአሜሪካ ከሉኪሚያ የዳኑ ልጆችን ያጠኑ ሐኪሞች በ2014 እንደ ገለጡት፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ጭማሪ ከአመጋገብ ምክር የበለጠ የአጥንት ጥንካሬ አላስገኘም። ስቴሮይድ ያፈረሰውን ጠብታ ብቻ አይገነባውም። ነገር ግን ስንቁ የሞላለት ልጅ ጥቂት መጨመር አልጠቀመውም ማለት፣ ስንቁ ባዶ የሆነው ልጅ ምንም አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የእኔ ክርክር በሥርዓቱ ላይ ነው። ከ2007 ጀምሮ የእነዚህ ልጆች እጥረት በዚህች ከተማ የታወቀ ከሆነ፣ ካንሰር የተገኘበት ጥቁር ልጅ የቫይታሚን ዲ መጠን ሊለካ የሚገባው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ወገቡ ከተጨፈለቀ በኋላ መለካቱ ዘግይቷል። ባዶ ሆኖ ከተገኘም ፀሐዩ ቢከለከል እንኳ በጠብታ ይሞላለታል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

በ2024 በአውስትራሊያ የወጣ አዲስ መግለጫ ሕዝቡን እንደ ቆዳው ዓይነት በሦስት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ምክር ሰጥቷል፤ በጣም ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው ፀሐይን መሸሽ ዋና ጉዳይ እንዳልሆነም አመልክቷል። ወፉ ሲድ ከዘፈነበት ቀን እስከዚህ መግለጫ 43 ዓመት ሆነ። ከሄስ ጽሑፍ ስንቈጥር ደግሞ 107 ዓመት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያለው የዚህ ነገር መልክ የተለየ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። በሉኪሚያ በሞተ ሕፃን ልጃቸው ስም አቶ ወንዱ በቀለ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ቤተሰቦች ማረፊያና ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል። እዚያ ትግሉ ልጁ ሳይዘገይ እንዲመጣ፣ መድኃኒቱ እንዲገኝ፣ ቤተሰቡም ሕክምናውን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ ነው። የፋርበርን ዘመን ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ ገና አልተዘጋም። ሆኖም የ1997ቱን ጥናት ያየ ሰው እዚያ የሚታከሙት ልጆች አጥንት ከወዲሁ ባዶ ስንቅ ሊኖረው እንደሚችል ይገነዘባል። እነዚህ ልጆች በበዙ ቍጥር ይድናሉ፤ በዳኑ ቍጥርም የአጥንት ጥያቄ ይከተላቸዋል። ሜልቦርን ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የተሰበሰበው እውቀት ከእኛው ልጆች ደም የተገኘ ነውና፣ ወደ አዲስ አበባ ሐኪሞች ጠረጴዛ ማድረሱ በውጭ ያለነው ምሁራን ልንሠራው የምንችለው ሥራ ይመስለኛል።

የቀረኝ የቋንቋ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን ከእናቲቱ ተውሼ ደጋግሜ አነበብሁት። ተርጓሚው ስሕተት አልሠራም። «ከፀሐይ ይጠብቁት» የሚለው ግን በእንግሊዝኛ ባርኔጣና ቅባት የሚያስታውስ ሲሆን፣ በአማርኛ ምችን፣ አራስ ቤትን፣ የአያትን ነጠላ ያስታውሳል። ትእዛዙ ባዶ ጆሮ ላይ አልወደቀም፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በተዘጋጀ ፍርሃት ላይ ወደቀ፤ ስለዚህም ጸሐፊው ካሰበው በላይ ታዘዘ። እናቲቱ ልጁን ከበረንዳ እንኳ አስገብታዋለች።

ወረቀቱን ያወጣው ክፍል እንዳሻሽለው ሲፈቅድልኝ፣ ያንን አንድ መስመር በአራት መስመር ጻፍሁት፦ ልጁ በበጋ ቀትር ላይ በጥላ ሥር ይሁን፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ወደ ውጭ መውጣቱን ሐኪሙን ጠይቀው ይፍቀዱለት፤ የቫይታሚን ዲ መጠኑ ተለክቶ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ የታዘዘለትን ጠብታ ሳያቋርጡ ይስጡት። አራት መስመር በዝቷል ተብሎ ወደ ሁለት እንዳሳጥረው ተመለሰልኝ። ጠብታውንና ልኬቱን አስቀርቼ የቀረውን ሰረዝሁት። ልጁ አሁን ሕክምናውን ጨርሷል፤ ቁመቱ ከእኩዮቹ ጥቂት ያንሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፎቁ ሥር ባለው ሣር ላይ በረኛ ሆኖ ኳስ ይጫወታል፤ እናቱም ከአግዳሚው ላይ ተቀምጣ ባርኔጣውን በእጇ ይዛ ትጠብቀዋለች።